ለሰውዬው ንገሪው

"ለሰውዬው ንገሪው፣ እግሩን ይሰብስብ።"

ይህን ያለው ትንሹ ነው። ሰውዬው የተባለው ደግሞ የገዛ ታላቅ ወንድሙ ሲሆን፣ የተቀመጠውም እዚያው አጠገቡ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት፣ እግሩን ወደ ኩሽናው መግቢያ አንፈራጦ ነው። ጆሮው መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። እህታቸው ባንድ እጇ የአይብ ፌስታል፣ በሌላው እንቁላል ይዛ ገና በሩ ላይ ናት፤ ደህና አደርሽ እንኳ ያላት የለም። "እግርህን ሰብስብ ይልሃል" አለች። "እግሬ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ በይው።" "እግሩ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።" "እንግዲያው እረግጠዋለሁ በይው።" ይህቺን አላስተላለፈችም። ወደ ኩሽና ስታልፍ ራሷ ረገጠችውና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

በምትሠራበት የስፌት ፋብሪካ መቀስ ነው የሚሏት። ጨርቅ ቆራጭ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ስለማይምር ነው። የፈረቃ አለቃው እንኳ ነገር ሲኖረው ሌላ ሰው ይልክባታል እንጂ ፊት ለፊት አይመጣባትም። እዚህ ቤት ስትገባ ግን ያ ምላስ ሥራ ፈት ነው። እዚህ የሚፈለገው የእሷ ቃል ሳይሆን የሰው ቃል ማመላለሷ ነው። ሁለቱ ወንድሞቿ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሥራ ቦታዋ ድረስ ይደውሉላታል። "ለሰውዬው ንገሪው፣ ውሃው ሊጠፋ ነውና ባልዲውን ይሙላ።" ሰውዬው ያለው ከግድግዳው ማዶ ነው። መልእክቱ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሻገር ከተማውን አቋርጦ እሷ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ከተማውን አቋርጦ ይመለሳል። ትንሹ አፉን ከፈታ ጀምሮ ትልቁን "ጋሼ" ነበር የሚለው፤ ጋሼ ቀርቶ ሰውዬው ከሆነ ወዲህ መቀስ ቃሏን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

የጠቡን ምክንያት ለሰው መናገር ታፍራለች። ትልቁ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ተጣድፎ የወንድሙ ሱቅ ገብቶ ተቀመጠ። ትንሹ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እጁ ደህና ነው፣ ችግሩ አፉ ነው፣ ፀጉር እየቆረጠ በስልክ ያወራል። እያወራና እየሳቀ ሳለ ማሽኑ ከጆሮ በላይ አንዴ ጠለቅ ብሎ ገባና የሳንቲም ታህል ራሰ በራ ጥሎ ወጣ። ትልቁ መስታወቱ ውስጥ አየና፣ ደንበኛ በሞላበት ቤት፣ "ድሮስ ካንተ እጅ ምን ይጠበቃል" አለ። ትንሹም፣ "ማሽኑ መች ጠመመ፣ ጠማማው ጭንቅላቱ ነው" ብሎ መለሰ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተመልሶ የሚሰበሰብ ነገር አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ፀጉሩን የሚስተካከለው ከወንድሙ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ተፎካካሪ ዘንድ ነው፤ ያውም ከውጭ እንዲታይ የመስኮቱን ወንበር መርጦ። ትንሹ ደግሞ ትልቁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፣ የመኝታ ክፍሉ መብራት ሲበላሽ ከሌላ ሰፈር ባለሙያ ያስመጣል። ባለሙያው መሰላሉን ተሸክሞ ሲመጣ በሩን የከፈተለት ትልቁ ነበር። "እዚያ ነው ክፍሉ" ብሎ አሳይቶት ተመልሶ ተቀመጠ አሉ።

እናታቸው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። ባለፈው ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር፤ ታክማ ስትወጣ ደረጃ እንዳትወጣ ስለተከለከለች፣ ፎቅ ላይ ያለውን ቤቷን ለወንዶቹ ትታ፣ ምድር ላይ ባለችው በመቀስ አንድ ክፍል ለጊዜው አረፈች። ልጆቿ የተጣሉት እሷ ከቤት በወጣች በሳምንቱ ነው። አንዱ አንድ እሁድ፣ ሌላው ሌላ እሁድ እየመጡ ይጠይቋታል፤ አብረው መጥተው አያውቁም። እናት ይህን በደግ ተርጉማዋለች። "ክፍሏን እንዳናጣብብባት ብለው ነው" ትላለች፣ "አሳቢዎች ናቸው።" መቀስም አላስተባበለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህኛው ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ሸትቷልም። እናት ስትጠይቅ "ፍቅር በፍቅር ናቸው" እያለች፣ ማታ ማታ መሬት ላይ በተነጠፈች ፍራሽ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች። አልጋው ለእናት ነው፣ ክፍሏም ሌላ አልጋ አይችልም።

አሁን ግን ነገሩ ቀን ተቆርጦለታል። ፋብሪካው በሌላ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነውና የቆረጣ ክፍሉን ኃላፊነት ለእሷ ሰጥቷል፤ ሰኞ መልስ ስጪ ብለዋታል። ማንንም አልለመነችም፣ አማላጅ ሆኖ የደወለላትም የለም፤ እጇን አይተው ነው የመረጧት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም። እናቷም ድናለች፣ ምርኩዝ ይዛ እንደ ልብ ትራመዳለች፣ ሐኪሙ ደረጃውን ፈቅዷል። ወንድሞቿ ለየብቻ ሲጠየቁ ለየብቻ "ትምጣ እንጂ፣ ቤቷ አይደል እንዴ" ብለዋል። የቀረው የእናት ቃል ነው፣ እሱም ቀላል ነው። "እመለሳለሁ፣ ግን በሰላም ካሉ ነው። ሁለት ሰው የተኮራረፈበት ቤት ገብቼ ሽማግሌ ለመሆን ዕድሜዬ አይፈቅድም። ደግሞ ስገባ እነሱ የሠሩትን የአይብ ክሬፕ ነው የምበላው፣ እንደ ድሮው" አለች። መቀስ "እንዳልሽው ይሆናል" ብላ ተነሳች። ለዚህ ነው ቅዳሜ በጠዋቱ እዚህ ኩሽና ውስጥ የምትገኘው።

እናት ጡረታ እስክትወጣ አንድ ትልቅ ሆቴል የቁርስ ክፍል ውስጥ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ለእንግዳ ክሬፕ፣ ያንን ስስ የፈረንጅ ቂጣ፣ ስትጠብስ ከርማ፣ ቅዳሜ ልጆቿ አምጪ ሲሏት እጇ አልታዘዝ ስለሚላት፣ ሥራውን ለሁለት ከፍላ ለወንዶቹ አስተማረቻቸው። አንዱ ሊጡን መጥበሻ ላይ ያፈሳል፣ ያዞራል፣ ይገለብጣል፤ ሌላው እዚያው መጥበሻው ላይ እንዳለ አይቡን መሃል አድርጎ ከአራት በኩል እንደ ፖስታ ያጥፈዋል። ሳይዘገይ መታጠፍ አለበት፤ ከዘገየ ጠርዙ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ቢሞክር ወይ ያርራል ወይ ይቀደዳል። "ሴቷስ?" ሲሏት "እሷ በኋላ ተገዳ ትለምደዋለች፣ እነዚህ ናቸው ሳይለምዱ የሚቀሩት" ትል ነበር። እንዳለችውም ወንዶቹ ለመዱ፣ መቀስ ሳህን አጣቢ ሆና ቀረች፣ እስከ ዛሬም ክሬፕ ማገላበጥ አትችልም።

ኩሽናው ውስጥ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው። ሁለት ስኳር፣ ሁለት ዘይት፣ ሁለት ሳሙና፣ ሁለት የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ አንዱ እንደ አዲስ፣ ሌላው ከርሞ የተበጣጠሰ። ጨውም ሁለት ነው፤ የትልቁ ሰማያዊ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ የትንሹ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ። ፍሪጁ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ተለጥፎ ድንበር ተበጅቷል፤ ድንበሩ ላይ ያለ አንድ የጠወለገ ሎሚ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ማንም አይነካውም። መቀስ አይቡን የት እንደምታኖረው ግራ ገብቷት ቆመች። አይብ ደግሞ አሁን የዋዛ ነገር አይደለም፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ጨምሯል፤ ባለ ወተት ቤቷ ዋጋውን ስትነግራት "ከነላሟ ነው?" ብላታለች። መጨረሻ ላይ ከፍሪጁ ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የማንም መሬት ባልሆነ ቦታ አስቀመጠችው።

ለሁለቱም የሚደረገውን ነገረቻቸው፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ትልቁ ፉርኖ ዱቄቱን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እየመታ ሳለ፣ "አይቡ ላይ ጨው ቅንጣት ታህል ጣል አድርግበት" አለችው፤ "ሐኪሙ ቀንሺ ብሏታል፣ ጨርሶ አልጫ ከሆነ ደግሞ አትበላውም።" ከዚያ በረንዳ ላይ አይቡን በጨርቅ ለሚያጠልለው ለትንሹም ያንኑ ቃል በቃል ደገመችለት። በዚህ ቤት ላንዱ የተነገረ ነገር ለሌላው ካልተነገረ "ለሰውዬው ስትነግሪ ለእኔ ምነው ተረሳሽ" የሚል ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ ይህን በብዙ መከራ ተምራዋለች። አንድ ነገር ጨመረች፣ "እማዬ ሳትቀምስ ማንም እጁን እንዳይሰድበት።" አይቡ ውድ ነው፣ እነሱን ደግሞ ታውቃቸዋለች፣ እየሠሩ ግማሹን የሚውጡ ናቸው። ሁለቱም እሺ አሉ። እሷም ሊጡ እስኪያርፍ ድረስ ወለሉን ስትወለውል፣ የአቧራ ብዛት ስታይ ለብቻዋ ስትሳደብ ቆየች።

ምድጃው ሲለኮስ ጠቡም አብሮ ተለኮሰ። "ለሰውዬው ንገሪው፣ እሳቱ በዝቷል።" "እሳት በዝቷል ይልሃል።" "እሳት ሥራዬ ነው በይው።" "ሥራው ነው ይልሃል።" "ሥራውማ ኤሌክትሪክ ነው፣ ይሄ ጋዝ ነው በይው።" "ኧረ በሕግ!" ብላ ጨርቁን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ሁለቱም ዞረው አዩአት፣ ያበደችው እሷ ይመስል። ከዚያ ትልቁ መጥበሻውን በገበታ ቅቤ ዳበሰና አንድ ጭልፋ ሊጥ አፈሰሰ። የመጀመሪያው እንደ ወጉ ተበላሸ። ሁለተኛው ግን መጥበሻው ላይ ክብ ሆኖ ዞረ፣ ጠርዙ ነሐስ መሰለ፣ በአንድ የእጅ ንቅናቄ ተገለበጠ፤ ትልቁ ክንዱን ወደ ኋላ ሲል ትንሹ ያለ አንድ ቃል በዚያችው ክፍተት እጁን ሰደደ፣ አይቡን አኖረ፣ አጠፈ፣ አነሳ፣ ትልቁ ቀጣዩን አፈሰሰ። አይተያዩም። አይነጋገሩም። ግን አንዱ የሌላውን ክንድ አንድ ጊዜም አልነካውም፣ አንዱ ሌላውን አንድ ጊዜም አላስጠበቀውም። መቀስ በሩን ተደግፋ አየቻቸውና ልቧ ትንሽ ፈካ አለ። እጃቸው ታርቋል፣ የቀረው አፋቸው ነው አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ዓመቱን ሙሉ እንደ ፖስታ ቤት ያሠሯት።

"ልሄድ ነው፣ ላምጣት" አለች። "ስሙኝ፣ እሷ ፊት 'ንገሪው' የምትል ቃል እንዳልሰማ። ለእማዬ ስትሉ እንኳ ተነጋገሩ።" ትልቁ መጥበሻውን እያየ "እኔ እኮ ችግር የለብኝም" አለ። ትንሹ አይቡን እያየ "እኔስ ምን ችግር አለብኝ?" አለ። ችግር የሌለባቸውን ሁለት ሰዎች ትታ ወጣች።

እናት ከነጋ ጀምሮ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሻንጣዋ ተቆልፎ፣ ትራሷ በነጠላ ገመድ ታስሮ፣ ምርኩዟ ጉልበቷ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ታክሲ ውስጥ ብዙም አላወሩም። ሾፌሩ ስለ መንገዱ መቆፈር፣ ስለ ነዳጅ መወደድ ለብቻው አማረረ። እናት በመስኮቱ እያየች "ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንደ ሙሽራ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "አንቺንም ከመሬት አነሳሁሽ፤ ወገብሽን በላሁት እኮ" አለች። መቀስ "ተይ እማዬ" ብቻ ብላ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ስለ አዲሱ ሥራ ልትነግራት አስባ ነበር፣ ግን አልነገረቻትም። ለዓመት ያህል እያጠበች፣ እየደገፈች፣ መድኃኒት እየሰጠች አልሰለቻትም ማለት ውሸት ነው፤ ሰልችቷታል። ትወዳታለች፣ ሰልችቷታልም፤ ሁለቱ ነገር አንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ለማስረዳት የታክሲ መንገድ አይበቃም።

ደረጃውን በእረፍት በእረፍት ወጡት። በሩ ሲከፈት ወንዶቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ ይመስላሉ፣ ፊታቸውም ላይ ፈገግታ ተለጥፏል። እናት ግን ሁለቱን ባንድ ላይ አቅፋ ሳመቻቸው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ጠረጴዛውን አየችና "እሰይ ልጆቼ!" አለች። ክሬፖቹ በትልቁ ሳህን ላይ ተደርድረዋል፣ ቅቤያቸው ያበራል፣ አንዱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ተቀመጡ። ትልቁ ለእናቱ ውሃ ቀዳ፣ ትንሹ ለእናቱ አንድ አነሳላት። "እማዬ፣ ሞቅ እንዳለ ብዪው።" "እማዬ፣ ቀስ ብለሽ፣ ይፈጃል።" ሁሉም ነገር ለእማዬ ነው የሚባለው። በሁለቱ መሃል ያለው አየር ላይ አንዲት ቃል አላለፈችም፣ መቀስም እህል ሳትነካ የእናቷን አፍ ትጠብቃለች።

እናት ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ አንዴ አኘከችና ቆመች። ጉንጯ እንዳበጠ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። እንደ ምንም ዋጠችና የብርጭቆውን ውሃ እስከ ጠብታው ጨለጠች። "ማን ነው ጨው ያደረገበት?" አለች።

"እኔ" አለ ትልቁ። "እኔ" አለ ትንሹ። እኩል ነው የተናገሩት።

መቀስ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ራሷ ናት፤ በገዛ አፏ፣ ላንዱም ለሌላውም፣ ቃል በቃል። አንዱ ከሰማያዊው ክዳን፣ ሌላው ከቆርቆሮው፣ እሷ ወለል ስትወለውል፤ የእነሱ ቅንጣት ደግሞ እፍኝ ነው። አንዱ "ጨው አድርጌበታለሁ" ብሎ ቢናገር ኖሮ በቂ ነበር፤ ሦስት ቃል እንኳ አይሆንም።

እናት አርባ ዓመት ኩሽና ውስጥ ያሳለፈች ሴት ናት። ሁለት ሰው አንድ ድስት ላይ ቆሞ ሁለቴ ጨው የሚገባው መቼ እንደሆነ ማንም አያስተምራትም። ሹካዋን አስቀመጠችና፣ "ከመቼ ወዲህ ነው የማትነጋገሩት?" አለች።

"እማዬ፣ እነሱ እኮ..." አለች መቀስ።

"አንቺን አልጠየቅኩም። አንቺ ዓመቱን ሙሉ ስትመልሺልኝ ከርመሻል።"

ትልቁ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያሽ ጀመር። ትንሹ መስኮቱን አየ። ውጭ አንድ መኪና ሳያቋርጥ ጥሩንባ ይነፋል። እናት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና፣ "እናንተ አንድ ቃል እርስ በርሳችሁ እስክትነጋገሩ ከዚህ አልነሳም" አለች። ይህን ያህል ጊዜ መቀስ ስታባብል፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ የቀረ ነገር ነው። አሁን ግን እናት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ተነሺ የሚላት የለም። ክሬፖቹ ቀዘቀዙ፣ የቅቤያቸው ብርሃን ጠፋ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተወው፣ እንደገና ጠረገ።

"እማዬ" አለ በመጨረሻ፣ "እውነቱን ልናገር? እኛ ነገሩን ሳናስበው ነው ትምጣ ያልነው። እይው፣ ደረጃው አለ። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ክፍልሽንም የሽቦ ጥቅልል ሞልቼበታለሁ። አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ያነሳሻል? እሷ ጋ ብትቆዪ አይሻልም?"

መቀስ የሰማችውን ለማመን ስትታገል፣ ትንሹ ከመስኮቱ ፊቱን መለሰ። ዓመቱን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ወንድሙን በቀጥታ ዓይኑን አየው።

"ጋሼ እውነቱን ነው" አለ።

ጋሼ። ይህቺን ቃል ለመስማት መቀስ ስንት ሌሊት ጸልያለች፤ እነሆ ተባለች። ትልቁ እንደ ደነገጠ ሆኖ ወደ ትንሹ ዞረ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ቀልጦ ሲወርድ በዓይኗ አየችው። "አይደል እንዴ?" አለው። "እንዴታ፣ ጋሼ! ሴት ልጅ ሌላ ናት። እኛ መድኃኒቱን እንኳ እንቀላቅለዋለን።" "እኔም እኮ እሱን ነው የምለው! እሷ ለምዳዋለች።" "ደግሞ ክፍሏ ምድር ላይ ነው፣ ጋሼ።" "ምድር ላይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።" "በየእሁዱ አብረን እንመጣለን፣ አይደል?" "አብረን ነው እንጂ! አስቤዛውን እኔ ይዣለሁ።" ቃሉ ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ተናፍቀው ኖሯል። ትንሹ ሳህኑን ወደ ትልቁ ገፋ፣ ትልቁ የጨው ክሬፑን ጎረሰና "ኧረ ይሄስ ሞት ነው!" አለ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እነዚህ ያበሩት ድር ግን አንበሳ አልፈለገም፣ እህታቸውን ነው ያሰረው።

"እኔ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ" አለች መቀስ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "የክፍል ኃላፊ ነው። ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል።"

ሳቁ ቆመ። ትልቁ እንደ ታላቅ ወንድም ተቆጥቶ፣ "እዚህስ ሥራ አለሽ አይደል?" አለ። ትንሹም ቀበል አድርጎ "ሌላ ጊዜ ይመጣል፣ እቴ፤ ሥራ የትም አይሄድም። አይደለም እንዴ ጋሼ?" አለ። "በትክክል!" አለ ጋሼው። እንዲህ ተስማምተው አይታቸው አታውቅም፣ በልጅነታቸውም እንኳ። መቀስ ደሟ ፈላ፣ ግን የፈላው ደም አፏ ላይ ሲደርስ ቀዘቀዘ። ልትሰድባቸው የምትችልበት ብዙ ቃል ነበራት፤ አንዱም ለዚህ አልበቃ አላት። እናቷን አየች። እናት ሹካዋን ይዛ አይቡን ከክሬፑ ውስጥ ቀስ ብላ እየጠረገች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ታከማቻለች። አንገቷን አላቀናችም። ልጆቿ ከፊት ለፊቷ ተቀምጠው ማን ይውሰዳት እየተባባሉ ነው፣ ይህን ደግሞ ሰምታዋለች፤ የቆሰለ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚመስል መቀስ ዓመቱን ሙሉ አጠገቧ ሆና ተምራዋለች። በዚያች ቅጽበት "ተነሺ እማዬ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ" ልትል ምንም አልቀራት። አፏን ከፈተች።

"ሰኞ ምን ብለሽ ልትመልሺላቸው ነው?" አለች እናት ቀድማት፣ አሁንም ሳህኑን እያየች።

መቀስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። "እሄዳለሁ ብዬ" አለች።

"በይ እንግዲያው ሂጂ። ሥራ እስከ ሰኞ አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ደውይላቸው።"

"እማዬ፣ እንዴ!" አሉ ሁለቱ፣ እንደገና እኩል።

መቀስ ተነሳች። ከበሩ አጠገብ ያለውን ሻንጣ አምጥታ ከሁለቱ ወንድሞቿ መሃል፣ ምንጣፉ ላይ አቆመችው። ትራሱን ከላይ ጫነችበት። የመድኃኒቱን ከረጢት ከቦርሳዋ አውጥታ የክሬፑን ሳህን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ነጩ ከቁርስ በፊት፣ ቢጫው ከእራት በኋላ። ሻወር ስትገባ አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ደረጃ ስትወርድ ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ አትሁኑ።" ትልቁ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቢጫው መቼ ነው ያልሽው?" አለ። "አንዴ ነው የምናገረው" አለች፤ "ከእንግዲህ ሁለቴ የሚነገር ነገር የለም። ያልሰማችሁትን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።" ጎንበስ ብላ የእናቷን ግንባር ሳመች። እናት እጇን ያዘችው፣ አጥብቃ ነው የያዘችው፣ እስከሚያም ድረስ፤ ከዚያ ለቀቀችው። "ወገብሽን አሳክሚ" አለቻት።

መቀስ ወጣች። በሩን ስትስበው አልገጠመም፣ ማጠፊያው የላላ ነው፤ ከውስጥ ያለው ድምፅ ደረጃው ላይ ይሰማል። መጀመሪያ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ፣ ከዚያ ምርኩዙ ወለሉን አንዴ ሁለቴ መታ። ቀጥሎ እናቷ፣ በሆቴሉ ቁርስ ክፍል ሠራተኛ ታዝበት በነበረው ጥርት ያለ ድምፅ፣ "እሺ ልጆቼ" ስትል ሰማቻት፤ "እኔ የምተኛው የቱ ጋ ነው?"

መቀስ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። የሚመልስ አልነበረም። ቀድሞ ቢሆን እሷ ትመልስላቸው ነበር። ሁለተኛውን እግሯን አስከተለችና ወረደች።